የአንዳርጌ የጸሎት ሽምብራ

ይቺን አባባል ሰው ሁሉ ይላታል። ሲጋራ አቁሜያለሁ እያለ ክብሪት ከኪሱ ለማይለየው ይላታል። ከጠጅ ቤት እግሬን ነቅያለሁ ብሎ መንገዱን ሁሉ በጠጅ ቤቱ ደጅ ለሚያደርገውም ይላታል። ባለፈው ሰርግ ቤት አንዱ ጎረምሳ ለጓደኛው ሲወረውራት ሰማሁና «ለመሆኑ ከየት እንደመጣች ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ተረት ናት እኮ እማማ፣ ከየትም አትመጣም» አይለኝ መሰላችሁ! ከየትም የማይመጣ ነገር አለ እንዴ? ድንጋይ እንኳ ተንከባሎ የመጣበት ገደል አለው። ይቺ የመጣችው ከእንዶድ በር ማርያም ቅጥር ግቢ ነው፤ አክስቴ በዓይኗ ያየችውን፣ በጆሮዋ የሰማችውን ነው የነገረችኝ። ቃሏን ግን አሁን አልነግራችሁም። አስቀድሜ ከነገርኳችሁ ተነሥታችሁ ትሄዳላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

እንዶድ በር ውስጥ አንዳርጌ የሚባል ሰው ነበር። ደህና ሰው ነው። እርሻው የታረመ፣ አጥሩ የታጠረ፣ አፉ ከስድብ፣ ጉሮሮው ከአረቄ የተጠበቀ። ጾም አይሽርም፣ ሰንበት አይስትም። ታዲያ ምን ጎደለው? ገበጣ! ገበጣ ለሌላው ሰው ጨዋታ ነው። ሁለት ረድፍ ጉድጓድ፣ አንድ እፍኝ ጠጠር፣ ከፊት ለፊት የተቀመጠ ባላጋራ፤ ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ጠጠር አንሥቶ በየጉድጓዱ አንዳንድ እየጣሉ መዞር፣ ሲመች የባላጋራን ጠጠር መያዝ፤ ይኸው ነው። ለአንዳርጌ ግን በሽታ ነበር። ጠጠር ሲንኳኳ ከሰማ አገር ቢቃጠል ዞር አይልም። አንዴ በሬዎቹ የጎረቤት ባቄላ ውስጥ ገብተው ሲሰማሩ፣ ባለ ባቄላው እየጮኸ መጥቶ አጠገቡ ቢቆም፣ «ትንሽ ታገሥ፣ አሁን ሊሸነፍልኝ ነው» አለው ይባላል። ባለ ባቄላውም ቁጭ ብሎ ማየት ጀመረ አሉ። ይቺን እንኳ እኔም አላምናትም።

ሚስቱ ትርንጎ ቻይ ሴት ናት። ባቄላውንም ቻለች፣ ሌላውንም ቻለች። ያልቻለችው የልጇን ክርስትና ነው።

ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀኗ ደረሰ። ክርስትና እናት እንድትሆን የተለመነችው የትርንጎ አብሮ አደግ ከወንዙ ማዶ ናት። አንዳርጌ ጎሕ ሲቀድ በቅሎ ይዞ ሊያመጣት ወጣ። መንገዱ በሾላው ሥር ያልፋል፤ ሾላው ሥር ደግሞ ዋሴ ተቀምጧል። ይሄ ዋሴ የአንዳርጌ ባላጋራ ነው፤ በሌላ በምንም አይጣሉም፣ በገበጣ ብቻ።

«አንዳርጌ! ትናንት አመለጥከኝ፤ ዛሬ ግን አልለቅህም» አለው።

«ተወኝ ዋሴ፣ የልጄ ክርስትና ነው።»

«እሱማ ገና ነው። ቄሶቹ እንኳ ፊታቸውን አልታጠቡም። አንዲት ብቻ።»

«አንዲት ብቻ» አለ አንዳርጌም፤ በቅሎዋን ከሾላው አሰራት።

ያቺ አንዲት፣ እናንተዬ፣ ስንት እንደወለደች ማርያም ትወቀው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጥምቀቱ ውኃ ተባርኳል፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ ትርንጎ በሩን ታያለች፤ የነፍስ አባታቸው ቄስ ይባቤ ደግሞ ትርንጎን ያያሉ። ቅዳሴ ሊገባ ነው። መጨረሻ ቢቸግራቸው፣ ምስር ተሸክማ ወደ ገበያ የምታልፍ አንዲት መንገደኛ ለምነው፣ ምስሯን ከደጀ ሰላሙ አስቀምጠው ክርስትና እናት አደረጓት። ሴትዮዋ ልጅቷን ክርስትና አንሥታ፣ ስማ፣ መርቃ፣ ምስሯን ተሸክማ ሄደች። ከየት ነሽ ብሎ እንኳ የጠየቃት የለም። ልጅቷ ካደገች በኋላም የክርስትና እናቷን አገር አላወቀችም፤ ምስር ስታይ ግን እጅ ትነሣለች ይሉ ነበር።

አንዳርጌ የደረሰው ሰው ጠበል ጠዲቁን ቀምሶ ሲበተን ነው። ትርንጎ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ልጇን አዘለች፣ የበቅሎዋን ልጓም ከእጁ ተቀበለችና አባቷ ቤት ሄደች። አንዳርጌ ባዶ ቤቱ ገብቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሚስቱን ይወዳታል እኮ! ልጁንም ገና ጠግቦ አላቀፋት። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩም ባላስፈለገ።

ሽማግሌ ተላከ፣ ተመለሰ። ደግሞ ተላከ። በመጨረሻ ትርንጎ እንዲህ አለች፦

«የፍልሰታን ጾም ገበጣ ሳይነካ ይጨርስ። ከጨረሰ የማርያም ዕለት ልጄን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ከነካ ግን በዚያው ዕለት ወንድሞቼ ዕቃዬን በበቅሎ ይጭናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ አትላኩብኝ።»

«ነክቶ አልነካሁም ቢልሽስ?» አሏት አባቷ አያ ቸኮል።

«እማሆይ ወለተ ሐና ይመስክሩ። እሳቸው ካሉ አምናለሁ።»

እማሆይ ወለተ ሐና በማርያም ቅጥር ውስጥ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። አጭር፣ ደረቅ፣ መቋሚያቸው ከራሳቸው በላይ የሚረዝም። ውሸት አያውቁም፤ ይሉኝታም አያውቁም። ቄስ ይባቤ ስብከት ሲያረዝሙ እማሆይ አንዴ ካሳሉ ቄሱ ቶሎ «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ብለው ይጨርሳሉ ይባላል። እሳቸውን ምስክር የጠራ ሰው ምሕረት አልፈለገም ማለት ነው።

አንዳርጌም «እሺ» አለ። አልፎም ሰይጣን ቤተ ክርስቲያን ድረስ አይከተለኝም ብሎ፣ ጾሙ ሲገባ ስንቁን ቋጥሮ በቅጥር ግቢው ካሉት የሱባኤ ጎጆዎች አንዷን ያዘ። ሲመጣ ያን ስንት ዘመን እጅ ያለሰለሰውን የወይራ ገበጣውን በብብቱ ይዞ ነበር። «እማሆይ፣ ይኸው፤ ዳግመኛ አላየውም» ብሎ አስረከባቸው። እማሆይ ሳይውል ሳያድር በምሳር ፈለጡትና ንፍሮ ቀቀሉበት።

«ጠጠሩስ?» አሉት ንፍሮውን እያማሰሉ።

አንዳርጌ ኪሱን በእጁ ሸፈን አደረገ። «ጠጠሩ ምን አጠፋ እማሆይ? የወንዝ ድንጋይ ነው እኮ። እግዚኦታዬን እቆጥርበታለሁ ብዬ ነው። የኃጢአት ዕቃ የነበረው የጽድቅ ዕቃ ይሁን።»

አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ» የሚል ሰው መቁጠሪያ ያስፈልገዋል፤ ይሄ እውነት ነው። እማሆይ ግን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ በሬህን ለግጦሽ ስትለቅ ለማርያም አደራ ትላለህ?»

«እላለሁ።»

«ማሳህንስ ታጥራለህ?»

«አጥራለሁ እንጂ!»

«ለምን? ማርያም አትጠብቅልህም?»

አንዳርጌ ሳቀ። «እማሆይ ደግሞ! እምነቴን አይጠራጠሩት።»

«እምነትህን አይደለም የጠረጠርኩት፣ እጅህን ነው» አሉና ወደ ንፍሯቸው ዞሩ።

አንዳርጌ ጸሎት ጀመረ። መቼም ሲጸልይ ለታይታ አልነበረም፤ ከልቡ ነው። አባታችን ሆይ ሲያደርስ «አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁ ከፍ ይላል፤ የጎጆው ሣር ይንቀጠቀጣል። አክስቴ በዚያ ፍልሰታ እዚያው ሱባኤ ላይ ነበረች፤ «ከእንቅልፌ የምነቃው በአንዳርጌ አታግባን ነበር» ትላለች። ሰው ሁሉ «እንዲህ ነው ንስሐ!» አለለት። አያ ቸኮል ቤት፣ ትርንጎ ጆሮ ድረስ ወሬው ደረሰ።

ጠጠሩ በመጀመሪያ ከኪሱ ነበር። ቀጥሎ ከእጁ ገባ። ከዚያ ከቀኝ እጁ ወደ ግራው፣ ከግራው ወደ ቀኙ እያንሿሿ መጸለይ ጀመረ። ውዳሴ ማርያም ሲደገም ከወደ ኋላ ጭል ጭል፣ ጭል ጭል ይላል። እማሆይ በሕዝቡ መካከል ሰንጥቀው መጡና ምንም ሳይሉ መዳፋቸውን ዘረጉ። አንዳርጌ አያቸው፤ መዳፋቸውን አየ። ጠጠሩን ሰጣቸው። እሳቸውም ወስደው ወንዝ ውስጥ ከተቱት፤ «ወደ እናትህ ሂድ» አሉት አሉ።

እዚህ ላይ ነገሩ ያበቃ ነበር፤ ሱባኤ የገባ ሰው ስንቁ ሽምብራ ባይሆን ኖሮ።

ቅዳሴው ወጥቶ አንዳርጌ ጎጆው ውስጥ ሲቀመጥ እጁ ባዶ ሆነበት። አርባ አንዱን በምን ይቁጠር? የሽምብራ ቆሎውን ከአቁማዳው ዘገነና መሬት ላይ ደረደረ። ወለሉ ግን ወደ በሩ ያዘነበለ ነው፤ ሽምብራ ደግሞ ክብ ነው፤ ተንከባለለ። በክረምት መሬቱ እርጥብ ስለነበር በተረከዙ ጫን ብሎ ጎድጎድ አደረገላት። ይሄ ኃጢአት ነው? አይደለም። ሽምብራ ማስቀመጫ ነው።

ከዚያ «ይቺ የትርንጎ ትሁን» አለ፤ ለትርንጎ ሲጸልይ ሽምብራውን እዚያ ይጥላል። ልጁንስ? ለልጁም ሌላ ጎድጎድ አደረገ። እናቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ነፍሷን ሊረሳት ነው? ለእሷም። ለዝናቡ አንድ። ለከብቶቹ አንድ። ለዚያች የምስሯ ሴትዮም እግዜር ይስጣት ብሎ አንድ። እያንዳንዷ ጉድጓድ ምክንያት አላት፤ የሁሉም ምክንያት ደግሞ መልካም ነው። እንዲህ አንዱ ረድፍ ሞላ።

በማግስቱ በቅዳሴ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለው ወንጌል ተነበበ። አንዳርጌ ልቡ ተነካ። እውነትም ለጠላቶቹ አልጸለየም! ቶሎ ብሎ ጎጆው ገባና ከመጀመሪያው ረድፍ ትይዩ ለጠላቶቹ ሌላ ረድፍ ቆፈረ። ያ ምስኪን ደግሞ ብዙ ጠላት አልነበረውም። ስድስቱንም ጉድጓድ ለዋሴ አደረጋቸው።

ምን ትስቃላችሁ? እናንተ አላደረጋችሁም? ዝም ብላችሁ ስሙ።

ቆይቶ ደግሞ ለትርንጎ የተጸለየው እዚያው ተከማችቶ መቅረቱ ከነከነው። በረከት ይዳረስ የለ? ከትርንጎ አነሣና ለልጁ አንድ፣ ለእናቱ አንድ፣ ለዝናቡ አንድ እያለ እየጣለ ዞረ። ዞሮ ዞሮ ዋሴ ዘንድ ደረሰ። አፉ «እግዚኦ» ይላል፤ እጁ ይዞራል። «አታግባን» ይላል፤ እጁ ይዞራል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዝናቡ ጋብ ብሎ ቅጥሩ ሁሉ ጸጥ እንዳለ፣ ሰው በየጎጆው ዳዊት ሲደግም፣ ከአንዳርጌ ጎጆ ድምፅ ተሰማ፦

«ያዝኩህ ዋሴ! አሁን የት ትገባለህ!»

ሌባ የተያዘ የመሰላቸው በትር ይዘው ብቅ አሉ። ዋሴ ራሱ ወገቡን አሞት ጠበል ሊጠመቅ መጥቶ ከወዲያኛው ጥግ ነበር ያረፈው። ስሙን ሲሰማ ወገቡን ረሳውና እየሮጠ መጣ። ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ፤ ሌሎቹን «ምንም አይደለም፣ እኔን ነው» ብሎ መለሳቸውና ገባ።

«ማነው የያዘኝ? ደግሞስ ይሄ ምንድነው?»

«ጸሎት ነው» አለ አንዳርጌ።

ዋሴ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። «እኔ የትኛው ላይ ነኝ?»

«በዚያኛው ረድፍ።»

«ስድስቱም እኔ ነኝ?»

«ስድስቱም አንተ ነህ።»

«እግዜር ይስጥህ። ሰው ወንድሙን እንዲህ አያስብም» አለ ዋሴ፤ ቁጭ አለ። «ግን አንዳርጌ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ስለ እኔ አንተ ለምን ትደክማለህ? የራሴን ረድፍ እኔው ልጸልይበት» አለው።

አንዳርጌ አመነታ። ትርንጎ ትዝ አለችው፤ በቅሎዋም ትዝ አለችው። «ጸሎት ብቻ ነው አይደል?» አለ።

«ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ነው? አንዲት ብቻ።»

ከዚያ ወዲያ አብረው ጸለዩ። አንዱ «እግዚኦ» ብሎ ይጥላል፤ ሌላው «መሐረነ ክርስቶስ» ብሎ ይጥላል። የያዘ «አሜን» ይላል፤ የተያዘ «ይቅር በለን» ይላል። ከውጭ ለሰማቸው እንደነሱ ያለ ትጉህ አልነበረም። አክስቴማ «እኔ እንዲህ መጸለይ አቃተኝ ብዬ ራሴን ወቀስኩ» ትላለች።

የመጨረሻዋ ከባድ ሆነች። አንዳርጌ እጁን ዘርግቶ የትኛዋን እንደሚያነሣ ግራ ገብቶት ሲወዛወዝ፣ ከበሩ በኩል «ከዳር ያለችውን አንሣ! ሁለቱንም ትይዝበት የለም!» የሚል ድምፅ መጣ።

ሁለቱም ቀና አሉ። እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው። አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ዓይናቸው ፈጧል። ቶሎ ብለው አማተቡ፤ ደግመው አማተቡ።

ዋሴ ቀስ ብሎ «እማሆይ፣ ይችላሉ እንዴ?» አላቸው።

መልሱን በመቋሚያቸው ሰጡት። ዋሴ ወገቡ እንደዚያን ቀን ድኖለት አያውቅም፤ አጥሩን ዘሎ ነው የወጣው።

አንዳርጌ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ የየጉድጓዱን ምክንያት አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። «እማሆይ፣ በማርያም ይሁንብዎ፣ ለትርንጎ አይንገሩብኝ! ቤቴ ይፈርሳል!»

«ላንተ ብዬ ልዋሽ? ያየሁትን እናገራለሁ» አሉ እማሆይ። ግን አልሄዱም። ከደጃፉ ተቀመጡና መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «በዓለም ሳለሁ እኔም አመድ ላይ ቆፍሬ እጫወት ነበር። ወጤ ያራል፣ ባሌ ይራባል፣ እኔ እቆፍራለሁ። ዛሬም ዛሬ፣ ከቀትር በኋላ ዝናብ ጋብ ሲል እጄን ያሳክከኛል።»

አንዳርጌ እንባውን ጠረገ። «ዛሬም? ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«እጸልያለሁ። እየጸለይኩም ውኃ እቀዳለሁ። እንስራ ያዘለ ሰው ገመዱን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው፤ ለሌላ የሚተርፍ እጅ የለውም። ጸሎቱ ለልቤ፣ እንስራው ለእጄ። አንተ ልብህን ብቻ ሰጥተህ እጅህን ሥራ ፈት አድርገህ ለቀቅኸው። በል ያንን አቁማዳ አምጣ።»

ስንቁን በሙሉ ከእነ ቆሎው ውኃ ውስጥ ዘፈዘፉት። «የራሰ ሽምብራ ወይ ይበሉታል ወይ ይሸታል፤ ተቀምጦ አይፈትንህም። ጾሙ ገና አላለቀም። የቀረውንም እንዳየሁት እናገራለሁ» አሉና ሄዱ።

አንዳርጌ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በእጁ ደፈነ። የትርንጎን ሲደፍን ከበደው፤ ግን ደፈነ። በማግስቱ እጁን ሲያሳክከው የእማሆይን እንስራ አዝሎ ወደ ምንጩ ወረደ። ወንድ ልጅ እንስራ አዝሎ! ያየው ሁሉ ተሳለቀበት። «አንዳርጌ፣ መቀነቱን የት ጣልከው?» አሉት። «ሹሩባሽን ማን ሠራሽ?» አሉት። እሱ እግዚኦታውን እየቆጠረ ዝም ብሎ ይወጣል፤ መቁጠሪያው የጣቶቹ አንጓ ሆነ። እጁን ያላሳከከው ጊዜ ጥቂት ነበር መሰል፣ ሱባኤ የገቡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሁሉ እንስራቸው፣ ጋናቸው፣ ቅላቸው ሳይቀር ሞላ። አንዲት ባልቴት «ልጄ በማርያም፣ ጸሎትህን ትንሽ ቀንስልን፣ ዕቃ አልቆብናል» ብለው ለመኑት።

የማርያም ዕለት ደረሰ። ቅዳሴው ሲወጣ ሕዝቡ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆመ። ትርንጎ ልጇን አዝላ መጥታለች። አያ ቸኮል አጠገቧ ናቸው። ወንድሞቿ በቅሎና የመጫኛ ገመድ ይዘዋል። አንዳርጌ ከፊታቸው ቆሟል፤ ዓይኑ ከዚያ ገመድ አልተነቀለም።

«እማሆይ» አሉ አያ ቸኮል፣ «ገበጣ ነክቷል?»

«ነክቷል።»

ሰው ሁሉ «እህ!» አለ። አንደኛው ወንድሟ ገመዱን ፈታ።

«አልጨረስኩም! እሰረው አንተ!» አሉት እማሆይ፤ ሁሉንም ተናገሩ። ከጠጠሩ ጀምረው፣ የትርንጎን ጉድጓድ፣ የዝናቡን፣ የምስሯን ሴትዮ፣ አንዱንም አልዘለሉም። ለጠላት የተቆፈረው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ቄስ ይባቤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ዋሴ ከደጁ ዝግባ ኋላ ተሸሸገ። እማሆይ የራሳቸውን የአመድ ገበጣ እንኳ አልደበቁም። ስለ እንስራውም ተናገሩ።

አንዳርጌ ገመዱ አላስችል ብሎት «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው እንጂ እኔማ ቀን ከሌት አታግባን እያልኩ...» ብሎ ጀመረ።

ትርንጎ አቋረጠችው። «ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?» አለችው።

አንዳርጌ አንገቱን ደፋ። «እኔ።»

«በምን?»

«በተረከዜ።»

«አሁንስ ገበጣ ያምርሃል?»

ዋሴ ከዝግባው ኋላ ብቅ ብሎ «አያምረኝም በል! አያምረኝም በል!» እያለ ጭንቅላቱን ይወዘውዛል። ቄስ ይባቤም በዓይናቸው ያንኑ ይሉታል። አንዳርጌ ሚስቱን አያት፤ ከጀርባዋ ብቅ ያለችውን የልጁን እጅ አየ።

«ያምረኛል ትርንጎ። አሁን እንኳ ያምረኛል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልቆፈርኩም። ሲያምረኝ እግዚኦ እላለሁ፣ እንስራውንም አነሣለሁ። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

«እውነት ነው?» አለች ወደ እማሆይ ዞራ።

«እውነት ነው። ጀርባው ተልጧል፤ ከፈለግሽ እይው።»

ትርንጎ ልጇን ከጀርባዋ ፈታች። «አያምረኝም ብትለኝ ዕቃዬን አስጭን ነበር» አለችና ሕፃኗን አሳቀፈችው። «እንካ። ከእንግዲህ በገበጣ ሰዓት እንስራውም ልጅቷም ያንተ ናቸው። እጅህን ባዶ እንዳላየው።»

ወንድሞቿ ገመዱን መልሰው ጠቀለሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዳርጌ ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ እንባው እየወረደ መሳቅ ጀመረ። ዋሴም ድፍረት አግኝቶ ከዝግባው ኋላ ወጣ።

አያ ቸኮል ግን አልተዋጠላቸውም። «ቆይ እስቲ እማሆይ» አሉ፣ «እኔን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይሄ ሰው ድምፁ እስኪዘጋ አታግባን እያለ ሲለምን እየሰማን፣ ሰይጣን በየት ገብቶ አገኘው? ጸሎቱ ካልተሰማለት፣ እኛ የሱን ሩብ የማንጸልየው ምን ሊውጠን ነው?»

ጥያቄው የሁሉም ነበር። ቄስ ይባቤ እንኳ ጉሮሯቸውን ጠርገው እማሆይን ማየት ጀመሩ። አክስቴ እንደምትለው፣ ትርንጎ ከክርስትናው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ የሳቀችው ቀጥሎ በመጣው መልስ ነው፤ አንዳርጌም ልጁን እንዳቀፈ አብሯት ሳቀ፤ አገሩም ያን ዕለት ቃሏን ተቀብሎ ይዟት ሄደ።

እማሆይ ወለተ ሐና መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉና እንዲህ አሉ፦ «ጸሎቱማ ተሰምቷል አያ ቸኮል፤ ባይሰማ እኔን ደጁ ድረስ ማን ላከኝ? ሰይጣንንም በከንቱ አትሙት፤ ያን ሰሞን ወደ እንዶድ በር ብቅም አላለ፣ ምን ቀረኝ ብሎ ይምጣ? የእኛ ሰው እኮ ገበጣ ቆፍሮ፣ አታግባን ይላል።»